ካውንስሊንግ እችላለሁ፣ ማስተማርስ? የዶክትሬት ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካውንስሊንግ አስተምራለሁ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ፣ ዶክትሬታቸውን እየተማሩ ክፍል የተመደበላቸው ሰዎች ቢሮዬን ያንኳኳሉ። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። አንዳንዱን ቡና ላይ መልሻለሁ፣ አንዳንዱን በቴሌግራም። አንዱንማ ከአዲስ አበባ ስንመለስ፣ ጫጫ ላይ ጉሙ ሚኒባሱን አቁሞት ሳለ ነው የመለስኩት። አንድ ቦታ ይቀመጥ ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

በቅድሚያ አንድ ነገር። በአማርኛ ሁሉም «አማካሪ» ነው። የተጨነቀን ሰው የሚያዳምጠውም አማካሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርመውም አማካሪ። እንዳንደናገር የመጀመሪያውን ካውንስለር፣ ሁለተኛውን አድቫይዘር እላለሁ።

ጥሩ ካውንስለር የሆነ ሰው ጥሩ መምህር መሆኑ ይቀራል?

ይቀራል። ምስክሩ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ክፍሌን የያዝኩት በኅዳር ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳር ውርጭ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ክፍለ ጊዜው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ሰባ ስላይድ ይዤ ገባሁ። የምክር ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ ሲያወራ ሳልሰለች የምሰማው ሰውዬ፣ እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳላቋርጥ ለፈለፍኩ። በመጨረሻ «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የክፍሉ ተጠሪ ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። «ቲቸር፣ አዎ ያልነው ቶሎ ወጥተን ፀሐይ እንድንሞቅ ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ ባለውለታዬ ነው።

ካውንስለር ለማስተማር የሚረዳው ብዙ ነገር አለው። ማዳመጥ ያውቃል። ፊት ያነባል። ዝምታ አያስደነግጠውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ተማካሪ እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ካላቸው ነገሮች ውስጥ ከካውንስለሩ የሚጠበቁት ሦስት ናቸው፤ ራስን ሳይደብቁ መቅረብ፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የሌላውን ስሜት ከውስጡ ሆኖ መረዳት። ኋላ ላይ እነዚህኑ ወደ ክፍል ወስዶ መምህርም ያስፈልጉታል ብሏል።

ግን ክፍል ሌላ ቦታ ነው። የምክር ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ አጀንዳውን የሚያመጣውም እሱ ነው። እዚህ ስልሳ ሰው አለ፣ አጀንዳውም ኮርስ አውትላይን ላይ ተጽፏል። ካውንስለር አይፈርድም፤ መምህር ግሬድ ይሰጣል። ይህን ልዩነት ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም ነበር።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከአንድ ነገር ይመዘዛል። ያለ ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ልምድ ያለው ሰው ሥራችንን እያየ ሳያርመን፣ ተማካሪ መቀበል በእኛ ሙያ ነውር ነው። ያለ ሱፐርቪዥን ስልሳ ተማሪ መቀበል ግን ልማድ ሆኗል። እኔ በተማርኩበት ቦታ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ዶክትሬቴን እስክጨርስ አንድም ሰው መጥቶ ክፍሌ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ተማካሪ ሳነጋግር የተቀዳውን ድምፄን ግን በየሳምንቱ ይሰሙት ነበር።

ዶክትሬቱ ራሱ ማስተማርን አያካትትም?

እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን የሚመዝነው ካክሬፕ እ.ኤ.አ. በ1981 ተቋቁሟል። ለዶክትሬት አምስት መስክ ይጠይቃል፤ ካውንስሊንግ፣ ሱፐርቪዥን፣ ማስተማር፣ ምርምር፣ አመራርና ተሟጋችነት። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ መለኪያው ቢያንስ 600 ሰዓት ኢንተርንሽፕ ያዝ ነበር። ታዲያ ልምምዱ ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱን መንካት አለበት ነበር የሚለው፤ ስለዚህ ማስተማርን ዘሎ 600 ሰዓቱን መሙላት ይቻል ነበር። ቀዳዳዋን አያችኋት?

ይህ የሚገርመው፣ ከምሩቃኑ ብዙዎቹ የሚቀጠሩት ለማስተማር መሆኑ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። አብዛኛው ሰው ዶክትሬት የሚጀምረው ረዳት መምህርና ሌክቸረር ሆኖ ዓመታት ካስተማረ በኋላ ነው። «ማስተማር ድሮ የማውቀው ነው» ብሎ ይመጣል። አንድን ስህተት አሥር ዓመት መደጋገምም ልምድ ይባላል እኮ። ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰጠው የአንድ ዓመት ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ጥሩ ነገር ነው፤ ያልወሰደ ይውሰድ። ራስን መመርመርና ተማሪን ማሳተፍ ላይ ያተኩራል። ግን ለሁሉም ሙያ የተሰፋ ልብስ ነው። ሮል ፕሌይ ላይ፣ ማለትም ካውንስለርና ተማካሪ ሆነው ሲለማመዱ፣ ያለቀሰች ተማሪን ምን ላድርጋት ለሚል ሰው መልስ የለውም።

ለብቻዬ ክፍል ከመያዜ በፊት ምን ምን ማለፍ አለብኝ?

የኔታን አስታውሱ። ፊደል የለየው ልጅ ያልለየውን ያስቆጥራል። የኔታ እዚያው ጥግ ተቀምጠዋል። ሥራ የያዙ ይመስላሉ፣ ጆሯቸው ግን ልጁ ላይ ነው። ስቶ ሲያስቆጥር ድምፃቸው ከጥግ ይመጣል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከየኔታ የወረሱት ሽምደዳውን ነው ይባላል፤ ይህችን ጥግ ቢወርሱ ምን ነበረበት?

እኔ የማስኬደው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሌላ መምህር ክፍል ገብታችሁ ታያላችሁ። መምህሩን አይደለም የምታዩት፣ ተማሪዎቹን ነው። የትኛው ደቂቃ ላይ ስልክ ወጣ? የትኛው ጥያቄ ላይ ሦስት እጅ ተነሣ? ቀጥሎ አብራችሁ ታስተምራላችሁ። አብሮ ማስተማር ማለት ግን «አንተ ምዕራፍ 1 እስከ 4፣ እኔ 5 እስከ 8» መባባል አይደለም፤ እሱ ሸክም መካፈል ነው። አብሮ ማቀድ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መቆም፣ ሲወጡ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ርዕስ፣ ከዚያ አንድ ወር፣ መጨረሻ ላይ ሙሉ ኮርስ።

ክፍል ከመግባት በፊት ማይክሮቲቺንግ ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመምህራን ሥልጠና የተጀመረ ዘዴ ነው። ለአራት አምስት ጓደኞች አሥር ደቂቃ ታስተምራላችሁ፣ አስተያየት ትቀበላላችሁ፣ ያንኑ ትምህርት አሻሽላችሁ እንደገና ታስተምራላችሁ። እኛ ጋ ሁለተኛው ዙር ይዘለላል። ጥቅሙ ያለው ግን እዚያ ነው።

አድቫይዘሬ ክፍሌን ለማየት ጊዜ የለውም። እኔም ደግሜ መለመን ከበደኝ።

አይፈረድባችሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ በሴሚስተር ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። ቀኑንና ሰዓቱን ራሳችሁ ጻፉና «ማክሰኞ 4 ሰዓት፣ ክፍል ቁጥር ይህ» ብላችሁ ላኩለት። «ሲመችዎ» ከተባለ ለማንም አይመችም።

ካልሆነ ሥራ ባልደረባ አለ። ሁለት ሆናችሁ ተራ በተራ ተያዩ። የሚያየው ሰው ካውንስለር ባይሆንም ግድ የለም፤ የሒሳብ መምህር አንዴ ክፍሌን አይቶ «ከመስኮቱ በኩል ያሉትን አንድም ጊዜ አላየሃቸውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለካ ፀሐዩ ዓይኔን እየወጋኝ ፊቴን አዙሬ ነው የማስተምረው።

ማንም ከጠፋ ስልካችሁ አለ። ተማሪዎቹን አስፈቅዱና ካሜራውን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ቅረጹ። ቪዲዮውን ስታዩ፣ ሱፐርቪዥን ላይ የምናውቀውን የካውንስሊንግ ተመራማሪውን የኖርማን ኬገንን ዘዴ ተጠቀሙ። ኬገን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያመጣው ነው። ቪዲዮውን እያቆማችሁ «እዚህ ጋ ውስጤ ምን እያለ ነበር?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። «ጥሩ አስተማርኩ ወይ?» አትበሉ። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ እንዲህ ስታደርግ ያገኘችውን ነግራኛለች። አንድ ልጅ ጥያቄ ሲጠይቅ ጠመኔውን ጨብጣ ወደ ሰሌዳው ትዞራለች። መልሱን የማታውቀው ስለመሰላት ነው። መልሱን ግን ታውቀው ነበር።

ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ክፍሉ ዝም ይላል። ምን ነካቸው?

ምንም አልነካቸውም። እኛ ስላልጠበቅን ነው።

ሜሪ በድ ሮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መምህራን ጠይቀው ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ ያጣ ልጅም ቀነሰ። ሦስት ሰከንድ ብቻ! ካውንስለር ተማካሪው ዝም ሲል አንድ ደቂቃ ይቀመጣል። ያው ሰው ክፍል ሲገባ ለምን ይጨንቀዋል? የሚታይ ስለሚመስለው ነው። ዝምታው «አላወቀበትም» የሚል ፍርድ ይመስለዋል።

ከዚያ ደግሞ የእኛ ነገር አለ። እኔ ያደግኩት መንዝ ነው። እንግዳ ቤት ውስጥ እያለ ልጅ ከተናገረ ከእንግዳው በኋላ የሚጠብቀውን ያውቃል። አሥራ ስምንት ዓመት «ዝም በል» ተብሎ ያደገን ልጅ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ከሌላ አካባቢ በመጡ ልጆች ፊት፣ «ሼር አድርግ» ብትሉት ከየት ያምጣው?

እኔ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። «ከጎናችሁ ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ» እላለሁ። ክፍሉ ወዲያው ገበያ ይሆናል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው ይሰማል። ከዚያ «እናንተ ምን ተባባላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አንተ ምን ታስባለህ» እና «ምን ተባባላችሁ» በጣም ይለያያሉ። ሁለተኛው ውስጥ ብቻውን የሚሳሳት ሰው የለም።

ሮል ፕሌይ ላይ ሁሉም ተማሪ «አይዞህ» እያለ ምክር መስጠት ይጀምራል። እንዴት ላስጥላቸው?

አታስጥሏቸው። ከዚያው ጀምሩ።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ትንሽ ልዘርጋው። የመማሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው። «ኢምፓቲ» (የሌላውን ስሜት ከውስጡ ሆኖ መረዳት) የሚለውን ስናስተምር ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፋለን። ልጆቹ ሸምድደው ፈተና ላይ ይመልሱታል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማካሪ ፊት ለፊት ሲሆኑ ግን ከአፋቸው የሚወጣው የእናታቸው ቃል ነው። ስለዚህ የእናታቸውን ቃል ጠይቋቸው። «እቤት ውስጥ ሰው ሲደናቀፍ እናትህ ምን ትላለች?» በሏቸው። «እኔን!» ይላሉ። «እኔን ይድፋኝ» የምትልም አለች።

እስቲ አስቡት። «እኔን» ማለት ያንተ ሕመም በእኔ ይሁን ማለት ነው። አንድ ቃል ናት፣ ሌላው ሰው ውስጥ ትገባለች። ችግሯ ከገባች አለመውጣቷ ነው። ኢምፓቲ ደግሞ ገብቶ መረዳት ነው፣ ግን የራስን ቦታ ሳይለቁ። ተማሪዎቼ ይህን ልዩነት ከየትኛውም ትርጉም በላይ በ«እኔን» በኩል ነው የሚረዱት።

«አይዞህ» ደግሞ ሌላ ናት። ታበረታለች፣ ግን በር ትዘጋለች። «አይዞህ» የተባለ ሰው «እሺ» ይላል፣ ሌላ የሚለው የለውም። አንዱን ተማሪ ስለ ጭንቀቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲናገር አድርጉ። አንድ ጊዜ «አይዞህ» ይባል። ሁለተኛ ጊዜ «ሰው መሀል ሆነህ ብቻህን የሆንክ መስሎህ ነበር ማለት ነው» ይባል። ከዚያ ተናጋሪውን ጠይቁት፤ የትኛው ላይ ሌላ ነገር መናገር አማረህ? እኔ ስሞክረው ሁሌም ሁለተኛውን ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አንዱ «አይዞህ የተባልኩት ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰው ብሎኝ ስለማያውቅ» አለ። ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ምክር መስጠቱስ? ቋንቋችን ራሱ ይረዳችኋል። መምከር የአንድ ሰው ሥራ ነው፣ መማከር ግን የሁለት። ሽማግሌ ይመክራል። ነፍስ አባት ይመክራል። እኛ የምናስተምረው መማከርን ነው። ይህን ስላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ሮል ፕሌይ ላይ ተመልሰው ይመክራሉ። አንድ ሴሚስተር ይፈጃል። ታገሡ።

ክፍሌ ውስጥ ሰባ ተማሪ አለ። ክህሎት እንዴት ይለማመዳሉ?

በሦስት በሦስት። አንዱ ካውንስለር፣ አንዱ ተማካሪ፣ አንዱ ተመልካች። አምስት ደቂቃ ሠርተው ይቀያየራሉ። ሰባ ሰው ማለት ሃያ ሦስት ቡድን ነው፤ አንዱ ተማሪ ይተርፋል፣ እሱ ከእናንተ ጋር እየዞረ ያያል። ሁሉንም መስማት አትችሉም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ቡድን በደንብ ስሙ። ተመልካቹ ወረቀት ይያዝ፤ ካውንስለሩ ስንት ጥያቄ ጠየቀ፣ ስንት ጊዜ የተባለውን መልሶ አንጸባረቀ፣ ይህን ብቻ በመስመር ይቁጠር።

መሀል ላይ ሁለት ወንበር አድርጎ ሌላው ዙሪያውን ከብቦ እንዲያይ ማድረግም ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የምትቀመጡት እናንተ ሁኑ። ተሳሳቱ። «እዚህ ጋ ተቻኮልኩ» በሉ። ተማሪ መምህሩ ሲሳሳት አይቶ እንደሚደፍረው በሌላ ምንም አይደፍርም።

ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የተበየዱ ከሆነ፣ አየሩ ሲፈቅድ ውጭ ሣር ላይ አውጧቸው። ጥበቃዎቹ ለምን ብለው ይመጣሉ። አስረዷቸው።

ተማሪ ክፍል ውስጥ የራሱን ቁስል ቢያወጣስ?

እኛ ጋ ይህ «ቢሆንስ» የሚባል ነገር አይደለም። ይሆናል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ሰዎችን ይዛ ነው የምትኖረው። ወንበር ላይ ካሉት ስንቶቹ ምን እንዳዩ አታውቁም።

አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሲያስተምር ኋላ ተቀምጬ ነበር። «ሐዘን የደረሰበት ሰው» የሚል ወረቀት ለአንዲት ልጅ ሰጣት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልተጫወተችውም። ድምፅዋ ተለወጠ፣ ከዚያ ማቆም አቃታት። ወጣቱ መምህር ካውንስለር ነዋ! ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀመጠና ሥራውን ጀመረ፤ በደንብም ያዳምጣት ነበር። ስልሳ ሰው እያየ።

ሲወጣ «ጥሩ ያዝኳት አይደል?» አለኝ። ጥሩ ይዟታል። ግን ልጅቷ በማግስቱ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ስልሳ ሰው መሀል ትመጣለች። ከዚያ እሱ ራሱ ግሬድ ይሰጣታል። ረጅም ጊዜ ተነጋገርንበት። ስህተቱ ያዳመጣት ላይ አልነበረም፣ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው ይህን ነው። ሚናውን ተማሪው ራሱ ይምረጥ፤ «ትንሽ፣ እውነተኛ፣ ዛሬ ልታወሩት የሚቀላችሁ ነገር» በሉ። ከዶርም ጓደኛ ጋር መጋጨት፣ የፈተና ፍርሃት ይበቃል። ሐዘንና ጦርነት ለልምምድ አይሰጥም። ማንም ሰው ምክንያት ሳይናገር «ይለፈኝ» ማለት ይችላል፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሩ፣ በየጊዜው ድገሙት። ሆኖ ከተገኘ ልምምዱን ለሁሉም አቁሙ፣ ዕረፍት አድርጉት። ልጅቷን የምትቀርባት ጓደኛዋ ይዛት ትውጣ። እናንተ ከክፍል በኋላ ለብቻዋ አግኟት፤ ተማሪዎችን ወደሚያይ ካውንስለር ወይም ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ጤና ክፍል አገናኟት። ለክፍሉም ሁለት ቃል ይበቃል፤ የሰማችሁት እዚሁ ይቀራል። ትንሽ ከተማ ነን። ፒያሳ ቡና ሲጠጡ ሊያወሩት ይችላሉ።

ተማሪዬ ቢሮ መጥቶ «ቲቸር፣ ምከረኝ» ቢለኝስ?

አዳምጡት፣ ግን ተማካሪያችሁ አታድርጉት። አንድ ሰው የሚያስጨንቀውን ሁሉ ሰምታችሁ ስታበቁ ሲ ፕላስ መስጠት አትችሉም። ብትችሉም እሱ አያምናችሁም። ሌላ ካውንስለር ጋ አድርሱት። ስም ጽፋችሁ ከመስጠት፣ ስልክ ደውላችሁ «ልልክልህ ነው» ማለት ይሻላል።

የመውጫ ፈተና አለ። ክህሎት ላይ ጊዜ ካጠፋሁ ልጆቹ አይወድቁብኝም?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ስለሚፈተን ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ሮል ፕሌይ የሠራ ልጅ ስለ ቴክኒኩ የምርጫ ጥያቄ ሲመጣለት ከሽምደዳው ሳይሆን ካደረገው ነው የሚያስታውሰው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አሥር ደቂቃ አስተርፉና «አሁን ያደረግነው በመጽሐፉ ምን ይባላል?» ብላችሁ ስሙን አስይዟቸው። ይበቃል።

ፈተናውን የሚያልፍ፣ ለሙያው ግን የማይሆን ተማሪ ቢያጋጥመኝ?

ሙያው በር መጠበቅ ይለዋል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው፤ ለጀማሪ ደግሞ ይብሳል። ፈተና ላይ ኤ የሚያመጣ፣ ግን የጓደኛውን ምስጢር ካፌ ውስጥ የሚያወራ ልጅ ያጋጥማችኋል። በመልቲፕል ቾይስ ልትይዙት አትችሉም። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅ፣ አስተያየት መቀበል፣ ሰውን ማክበር የሚሉትን ኮርስ አውትላይኑ ላይ ከነጥብ ጋር ከመጀመሪያው ጻፉ። ያልተጻፈ ነገር ላይ ነጥብ ብትቀንሱ «ቲቸሩ ጠምዶኛል» ይባላል፤ ልጁም እውነት አለው።

ሲታይ ቶሎ፣ ለብቻ፣ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት። «ባሕርይህ ጥሩ አይደለም» አትበሉ። «ረቡዕ ዕለት ስለ እገሌ ያወራኸውን ሰምቻለሁ» በሉ። ምን እንዲያሻሽል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ውሳኔውን ለብቻችሁ አትሸከሙት፤ የዶክትሬት ተማሪ ሆናችሁ ልጅ ከሙያ የማስወጣት ሥልጣን የእናንተ አይደለም። ሱፐርቫይዘር የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ስላይድ ስንት ይሁን?

መብራት ቢጠፋ ማስተማር የምትችሉትን ያህል።

ገና ክፍል በር ላይ ስደርስ ላብ ያጠምቀኛል። ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው?

በውርጭ አገር ላብ ማውጣት ከቻላችሁ ጤነኛ ናችሁ።

የምሬን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ቦታ እንደሚመጣ ጽፏል፤ ራስ ሠርቶ ከመሳካት፣ ሌላው ሲሳካለት ከማየት፣ ከሚያምኑት ሰው ቃል፣ ሰውነት ከሚሰጠው ምልክት። ጠንካራው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ «በርቺ፣ ትችያለሽ» የሚለው የአድቫይዘር ቃል ብቻውን ሩቅ አያደርስም። የሚሳካ ትንሽ ነገር መሥራት ይሻላል። አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ዛሬ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ፣ ሳምንት የአምስት ልጅ ስም ማወቅ። ስትወጡ ያን ብቻ መዝኑ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ልምምዶች በራስ መተማመናችሁን ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ምን እንደማታውቁ የምታዩት ያኔ ነው። እዚያ ላይ ያቆመ ሰው ተጎድቶ ነው የሚቀረው። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ብቻ «ክፍል አስይዘነዋል» ብሎ ፎርም መሙላት የማይበቃው።

ዲሰርቴሽኔን አያጓትትብኝም?

ያጓትታል። አልዋሽም። በሴሚስተር ከአንድ ኮርስ በላይ አትያዙ፤ ሲጫኗችሁ እንቢ በሉ፣ አድቫይዘራችሁም እንቢ እንዲልላችሁ ጠይቁ። ርካሽ ጉልበት ፍለጋ «ልምድ ይሁናችሁ» የሚል ኃላፊ አለ። የሚያይ፣ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር ሰው ከሌለበት ልምድ አይባልም፣ ሥራ ነው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። በጀት የለኝም። ምን ላድርግ?

ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሰዓት ነው የሚፈልገው። ጀማሪ ክፍል ሲሰጠው አብሮት የሚያይ ነባር መምህር በደብዳቤ ይመደብ፣ ሰዓቱም ከሥራ ጫናው ይቆጠርለት። ካልተቆጠረለት አይመጣም፤ ሰው ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ዓርብ ከሰዓት ቡና ይፈላ። እያንዳንዱ የከሸፈበትን አንድ ክፍለ ጊዜ ያውራ። የመጀመሪያውን ቀን እናንተ ኃላፊዎቹ ጀምሩት፣ አለበለዚያ ሁሉም የተሳካለትን ነው የሚያወራው።

ሰሜን ሸዋ ሁለት ናት፤ የአማራውም፣ የኦሮሚያውም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በደሴ መንገድ፣ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ፍቼ ላይ በጎጃም መንገድ። ሁለት ቦታ ያሉ ጀማሪዎች በወር አንዴ በኢንተርኔት ቢገናኙ ለአለቃቸው የማይናገሩትን እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

የመጀመሪያ ክፍሌ ነገ ጠዋት ነው። አሁን መሽቷል። ምን ላድርግ?

ስላይዱን መነካካት አቁሙ። አንድ ጥያቄ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ነገ የምትጠይቁት እሱን ነው። ጠዋት ከተማሪዎቹ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ሶኬቱ ይሠራ እንደሆነ ሞክሩ። ወንበሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አይታችሁ ልጆቹን ወደዚያ ሰብስቧቸው። ጃኬት ልበሱ።